የንግድ ሚኒስቴርና የአርባ ምንጭ ነጋዴ
የንግድ መዝገብ፣ የንግድ ፈቃድና የሚዛን ነገር

በአርባ ምንጭ ከተማ በሲቀላ ሱቅ ከፍቶ የሚሠራ ነጋዴ፣ ንግድን የሚመራው ሚኒስቴር ሥራው ምን እንደ ሆነ ቢጠየቅ፣ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው መልስ ፈቃድ የሚያድስና ያላደሰውን የሚቀጣ መሥሪያ ቤት ነው የሚል ይሆናል። ይህ መልስ ስሕተት ነው አይባልም፤ ነገር ግን ከሙሉው ነገር እኩሌታውን ያህል እንኳ አይነግርም። ፈቃዱን በየዓመቱ እንደ ዕዳ ቈጥሮ የሚያድስ ነጋዴ የወረቀቱን ዋጋ ሳያውቅ ይቀራል፤ ዋጋውን ያላወቀ ሰው ደግሞ በጨነቀው ቀን ሊጠቀምበት አይችልም።

ሚኒስቴሩ ለነጋዴ የሚሰጠው ዋናው ነገር ቅጣት ወይም ፈቃድ ሳይሆን መታወቅ ነው። በአርባ ምንጭ ያለው ሻጭ በአዲስ አበባ ወይም በሌላ አገር ያለውን ገዥ ዐይቶት ሳያውቅ ዕቃውን አምኖ ሊልክለት የሚችለው፣ ሁለቱም ስማቸው፣ አድራሻቸውና የሥራቸው ዓይነት በመንግሥት መዝገብ ላይ ሰፍሮ ሲገኝ ነው። ቀጥሎ ያለው ማብራሪያ ይህ መዝገብ ከየት እንደ መጣ፣ በማን እጅ እንደሚገኝና ለጋሞ ዞን ነጋዴ የሚሰጠው ጥቅም ምን እንደ ሆነ ያስረዳል።

ከነጋድራስ እስከ ሚኒስቴር

በጥንቱ ሥርዐት የነጋዴ ጉዳይ የሚታየው በነጋድራሱ ዘንድ ነበር። ነጋድራስ ማለት የነጋዴዎች አለቃ ማለት ሲሆን፣ ሹሙ ቀረጥ ያስከፍላል፤ በነጋዴዎች መካከል የሚነሣውንም ክርክር ሰምቶ ይፈርዳል። በዚያ ዘመን ነጋዴው የሚታወቀው በመልኩ፣ በአባቱ ስምና በሚጠራው ዋስ ነበር። ገበያው ጠባብ፣ ተገበያዮቹም እርስ በርሳቸው የሚተዋወቁ ስለ ሆኑ ይህ በቂ ሆኖ ይሠራ ነበር።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ፣ የአዲስ አበባ ነጋድራስ የነበሩትን ኃይለ ጊዮርጊስ ወልደ ሚካኤልን የንግድና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር አደረጓቸው። ሁለቱ ሥራዎች በአንድ ሰው እጅ የተሰጡበትን ምክንያት ለመረዳት አያስቸግርም። የባሕር ማዶውን ንግድ በብዛት የያዙት የውጭ አገር ሰዎች ስለ ነበሩ፣ የንግድ ክርክርና የመንግሥታት ጉዳይ እየተያያዘ ይመጣ ነበር። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ንግድ የቀረጥ ገቢ ብቻ ሳይሆን ራሱን የቻለ የመንግሥት ሥራ ሆኖ ተቈጠረ።

አገሪቱ ነጻ ከወጣች በኋላ በ1935 ዓ.ም. የሚኒስትሮችን ሥልጣን የሚወስነው ትእዛዝ ወጣ፤ ንግድም ከኢንዱስትሪ ጋር ተያይዞ በአንድ ሚኒስቴር ሥር ሆነ። በ1939 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ንግድ ምክር ቤት ተቋቋመ። ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. ደግሞ የንግድ ሕጉ ታወጀ። ይህ ሕግ ነጋዴ ማን እንደ ሆነ፣ የንግድ መዝገብ ምን እንደሚይዝ፣ የሒሳብ መዛግብት እንዴት እንደሚጠበቁ፣ ማኅበር እንዴት እንደሚቋቋም በአንድነት ደነገገ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል እንደሚባለው፣ ቀድሞ በነጋድራሱ ትዝታና በዋስ ላይ የተመሠረተው መተማመን ከዚያ በኋላ በጽሕፈት እንዲሆን ታዘዘ።

የስም መለዋወጥና የመዝገብ መጽናት

ከዚያ ወዲህ ሚኒስቴሩ ብዙ ጊዜ ስሙን ለውጧል። በደርግ ዘመን የሀገር ውስጥ ንግድና የውጭ ንግድ ተለያይተው በሁለት ሚኒስቴሮች ተያዙ። በ1987 ዓ.ም. ንግድና ኢንዱስትሪ እንደ ገና በአንድ ሚኒስቴር ሥር ሆኑ፤ በ2003 ዓ.ም. ተለያዩ፤ በ2011 ዓ.ም. ተመልሰው ተዋሐዱ። በ2014 ዓ.ም. በዐዋጅ ቁጥር 1263 መሥሪያ ቤቱ የንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር የሚለውን ስም ይዞ ተቋቋመ።

የአርባ ምንጭ ነጋዴ ደግሞ ከሚኒስቴሩ ሌላ የቅርብ መሥሪያ ቤቶቹም ስም ሲለወጥ አይቷል። ቀድሞ የጋሞ ጎፋ ዞን ይባል የነበረው በ2011 ዓ.ም. ተከፍሎ የጋሞ ዞን ራሱን ቻለ። ክልሉም በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ተብሎ በአዲስ መልክ ተደራጀ፤ አርባ ምንጭም ከክልሉ መቀመጫ ከተሞች አንዷ ሆነች። ስለዚህ በ2010 ዓ.ም. ሥራ የጀመረ ነጋዴ በስድስት ዓመት ጊዜ ውስጥ የዞኑ፣ የክልሉና የሚኒስቴሩ ስም በየተራ ሲቀየር ተመልክቷል። በሣጥኑ ውስጥ የሚገኙት ወረቀቶች ራስጌያቸው የተለያየ ቢሆን የሚያስደንቅ አይደለም።

በዚህ ጊዜ የሚነሣው ጥያቄ አሮጌው ወረቀት ዋጋ አለውን የሚል ነው። መልሱም የመሥሪያ ቤቱ ስም ቢለወጥም ነጋዴው የገባው ግዴታና ያገኘው መብት ወደ ተተኪው መሥሪያ ቤት ይተላለፋል የሚል ነው። ይሁን እንጂ አስተዋይ ነጋዴ በእጁ ያለውን ወረቀት ከመዝገቡ ጋር ያስተያያል። የቀበሌው ስም፣ የሱቁ አድራሻ፣ የሥራው ዘርፍ ወይም የሥራ አስኪያጁ ስም ተለውጦ ከሆነ፣ ለውጡ በሕጉ በተወሰነው ጊዜ በመዝገቡ ላይ እንዲሰፍር ማመልከት የነጋዴው ግዴታ እንጂ የመሥሪያ ቤቱ ሥራ አይደለም።

መዝገብና ፈቃድ የተለያዩ ናቸው

ብዙ ነጋዴዎች የንግድ ምዝገባንና የንግድ ሥራ ፈቃድን እንደ አንድ ነገር ያዩአቸዋል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ምዝገባና ፈቃድ ዐዋጅ ቁጥር 980 ግን ለያይቶ ደንግጓቸዋል፤ ይህም ዐዋጅ በ2011 ዓ.ም. በዐዋጅ ቁጥር 1150 ተሻሽሏል።

የንግድ ምዝገባ ሰውየው ወይም ማኅበሩ ማን እንደ ሆነ የሚናገር ነው። ስም፣ ዋናው መሥሪያ ቤት የሚገኝበት አድራሻ፣ ካፒታል፣ የሥራ አስኪያጁ ማንነት በዚህ ላይ ይሰፍራል። አንድ ነጋዴ ብዙ ዓይነት ሥራ ቢሠራም የሚመዘገበው አንድ ጊዜ ነው።

የንግድ ሥራ ፈቃድ ደግሞ ሰውየው ምን እንዲሠራ እንደ ተፈቀደለት የሚናገር ነው። ፈቃዱ ለተወሰነ ዘርፍ ይሰጣል። የአትክልትና ፍራፍሬ ጅምላ ሻጭ በዚያው ፈቃድ ሲሚንቶ ሊያከፋፍል አይችልም፤ የችርቻሮ ፈቃድ የያዘም አስመጪ ነኝ ሊል አይችልም። በአጭሩ መዝገቡ የነጋዴው መታወቂያ፣ ፈቃዱ ደግሞ የሥራው መታወቂያ ነው።

ፈቃዱ በሱቁ ውስጥ በግልጽ በሚታይ ቦታ መሰቀል አለበት፤ ለሌላ ሰው ማከራየት፣ ማዋስ ወይም በመያዣ መስጠት አይፈቀድም። በዘመድነት ወይም በወዳጅነት ፈቃዱን ያዋሰ ሰው፣ ተዋሹ በስሙ ያስመጣውን ዕቃ ግብር፣ የፈረመውንም ውል ዕዳ በራሱ ላይ ያመጣል። ይህን የመሰለው ቸርነት ብዙ ቤት ሊያፈርስ ይችላል።

ፈቃዱ በየዓመቱ ይታደሳል። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ስለሚጀምር፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ 30 ቀን ያለ ቅጣት ማሳደስ ይቻላል። ከጥር 1 ቀን ጀምሮ እስከ ሰኔ 30 ቀን ያለው ጊዜ በቅጣት የሚታደስበት ነው። ከዚያ ያለፈው ይሰረዛል። ለማሳደስ የግብር ክፍያ መጠናቀቁን የሚገልጽ ማረጋገጫ ስለሚያስፈልግ፣ የታኅሣሥን የመጨረሻ ሳምንት የሚጠብቅ ነጋዴ በሁለት ሰልፍ ይያዛል፤ አንደኛው በገቢዎች፣ ሁለተኛው በንግድ ጽሕፈት ቤት ነው። ፈቃድ ሳይኖር ወይም ባልታደሰ ፈቃድ መነገድ በእስራትና በገንዘብ የሚያስቀጣ መሆኑን ማወቅ ያሻል።

እንደዚሁም ሥራውን የተወ ነጋዴ ፈቃዱን መመለስ ይገባዋል። ሱቁን ዘግቶ ፈቃዱን በሣጥን ያስቀመጠ ሰው በመንግሥት ዘንድ ገና ነጋዴ ነው፤ ግብር አስከፋዩም በዚያው መሠረት ሊጠይቀው ይችላል።

ወደየትኛው ቢሮ መሄድ ይገባል

ሥልጣኑ በፌዴራሉ ሚኒስቴርና በክልሎች መካከል የተከፋፈለ ነው። በዐዋጅ ቁጥር 980 መሠረት የአስመጪነትና የላኪነት ፈቃድ፣ እንዲሁም የውጭ አገር ባለ ሀብቶች ምዝገባ የሚኒስቴሩ ሥራ ነው፤ ሚኒስቴሩም ሥልጣኑን ለሌላ መሥሪያ ቤት በውክልና ሊሰጥ ይችላል። በአገር ውስጥ የሚሠራውን የጅምላና የችርቻሮ ንግድ ግን የክልሉ ንግድ ቢሮ በዞን፣ በከተማና በወረዳ ጽሕፈት ቤቶቹ አማካይነት ይመዘግባል፤ ፈቃድም ይሰጣል።

ስለዚህ በሲቀላ ወይም በሴቻ ሱቅ የሚከፍት ሰው ጉዳዩን በአርባ ምንጭ ይጨርሳል እንጂ ወደ አዲስ አበባ የሚያስኬደው ነገር የለም። በጨንቻ፣ በብርብር ወይም በሌላ የዞኑ ከተማ የሚሠራም በየቦታው ወዳለው ጽሕፈት ቤት ይሄዳል። ዛሬ ደግሞ ሚኒስቴሩ በኢንተርኔት አማካይነት የምዝገባና የፈቃድ አገልግሎት ስለሚሰጥ፣ ቀድሞ ቀናት ይፈጅ የነበረው ጉዞ በብዙ ቀልሏል። በዚሁ አገልግሎት የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርን በማስገባት የሌላውን ነጋዴ ፈቃድ መመልከትም ይቻላል። ይህ የመጨረሻው ነገር ትንሽ ቢመስልም ታላቅ ጥቅም አለው።

ገበሬው፣ ሸማኔውና ነጋዴው

የጋሞ ዞን የሚታወቅባቸው ሀብቶች ግልጽ ናቸው። በአባያ ሐይቅ ዳርቻ ባሉት እንደ ላንቴና ጫኖ ባሉ ቆላማ ቀበሌዎች ሙዝ በብዛት ይመረታል። በጨንቻ ደጋ ፖም ወይም ሰው ሁሉ እንደሚጠራው አፕል ይለቀማል። የጫሞና የአባያ ሐይቆች ዓሣ ይሰጣሉ። የዶርዜ ሸማኔዎች ጥበብ ከአገራቸው አልፎ በአዲስ አበባ በሽሮ ሜዳ ገበያ አቁሟል።

ከእነዚህ ሰዎች ነጋዴ የሚባለው የትኛው ነው? የ1952ቱ የንግድ ሕግ በዚህ ረገድ ጠቃሚ ልዩነት አድርጎ ነበር። ገበሬ ከመሬቱ ያገኘውን ምርት ሲሸጥ ነጋዴ አይባልም፤ በራሱ እጅ ሥራ የሚተዳደር የእጅ ጥበብ ሠራተኛም እንደዚሁ ነጋዴ አይባልም። ነጋዴ የሚባለው ትርፍ ለማግኘት ሲል ሸቀጥ ገዝቶ መልሶ መሸጥን የመሰለ ሥራ ሙያው አድርጎ የያዘው ነው። ስለዚህ የላንቴ ገበሬ የራሱን ሙዝ ቈርጦ ቢሸጥ ገበሬ ነው፤ የጎረቤቶቹን ሙዝ እየገዛ በመኪና አስጭኖ የሚልክ ከሆነ ግን ነጋዴ ሆኗል። ሸማኔው በራሱ እጅ የሠራውን ነጠላ ቢሸጥ ባለ ጥበብ ነው፤ የሌሎች ሸማኔዎችን ሥራ እየሰበሰበ ለባለ ሱቆች የሚያከፋፍል ከሆነ ግን ነጋዴ ነው።

በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ፣ ዐዋጅ ቁጥር 1243፣ የነጋዴዎችን ዝርዝር አሻሽሎታል፤ ባለ አንድ አባል ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበርንም ፈቅዷል። ብቻውን የሚሠራ ነጋዴ የቤቱን ንብረት ከንግዱ ዕዳ ለመለየት ከፈለገ ይህ አዲስ በር ነው። ስለ ጭነት፣ ስለ ኢንሹራንስ፣ ስለ ቼክና ስለ ሌሎች የሚተላለፉ ሰነዶች የተደነገጉት የ1952ቱ ሕግ ክፍሎች ግን እንደ ጸኑ ናቸው። በገዥነትና በገበሬነት መካከል ያለ ሰው ራሱን ከመጠርጠር ይልቅ ወደ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄዶ ቢጠይቅ ይሻለዋል።

አንድ መኪና ሙዝ

የመዝገብ ጥቅም በቀላሉ የሚታየው በዱቤ ሽያጭ ነው። ሙዝ እንደ ጨርቅ ወይም እንደ ቆርቆሮ ተቀምጦ ዋጋ የሚጠብቅ ሸቀጥ አይደለም። ከተቈረጠ በኋላ ቀኑ የተቈጠረ ነው። የአርባ ምንጭ ላኪ አንድ መኪና ሙዝ አስጭኖ ሲልክ፣ አዲስ አበባ ለመድረስ ወደ 500 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ይጠብቀዋል። ገዥው በዚያ ተቀብሎ ዋጋውን ሸጦ ልከፍል ቢል፣ ሻጩ ጭነቱን ሊያስመልስ አይችልም፤ ቢያስመልሰውም የሚያገኘው የበሰበሰ ፍሬ ነው። ስለዚህ እርሻውን የሸጠለትን ገበሬ፣ የመኪናውን ባለቤት፣ የጫኝ አውራጁን ሒሳብ ከራሱ ኪስ ከፍሎ፣ በቃል የተሰጠውን ተስፋ ብቻ ይዞ ይቀራል።

ገዥው የታወቀው በስልክ ቁጥርና በቅጽል ስም ብቻ ከሆነ ነገሩ የከፋ ይሆናል። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የአዲስ አበባው አትክልት ተራ ከፒያሳ ወደ ጃን ሜዳ ተዛወረ፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላም ወደ ሃይሌ ጋርመንት አካባቢ ሄደ። የገዥውን አድራሻ «አትክልት ተራ» ብሎ በደብተሩ የጻፈ የክፍለ ሀገር ነጋዴ፣ ገበያው ሲነሣ አድራሻውም አብሮ ተነሣበት ማለት ነው። የገዥውን ሙሉ ስም፣ የምዝገባ ቁጥርና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር የያዘ ሰው ግን ገበያው የትም ቢሄድ ተከሳሹን የሚያገኝበት ምልክት በእጁ አለው።

ስለዚህ ጭነት ከመነሣቱ በፊት አራት ነገሮችን ማየት ይገባል። አንደኛ፣ የገዥው ሙሉ ስም ወይም የንግድ ስም ከምዝገባው ጋር መስማማቱን፤ ሁለተኛ፣ ፈቃዱ ለያዝነው ዓመት መታደሱን፤ ሦስተኛ፣ የፈቃዱ ዘርፍ ከሚገዛው ዕቃ ጋር መገናኘቱን፤ አራተኛ፣ ውሉን የሚፈርመው ሰው ባለቤቱ፣ ሥራ አስኪያጁ ወይም የውክልና ሥልጣን ያለው መሆኑን ነው። አራተኛው ነገር ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። በማኅበር ስም የሚገዛ ሰው የማኅበሩ ሥራ አስኪያጅ ወይም ወኪል ካልሆነ፣ ማኅበሩ ዕዳውን አላውቀውም ሊል ይችላል። የንግድ መዝገብ ለሕዝብ ክፍት ስለ ሆነ፣ ይህን ሁሉ ለማጣራት የሚፈልግ ሰው ተገቢውን ክፍያ ከፍሎ መረጃ መጠየቅ ይችላል።

ይህ ሲባል መመዝገብ ሰውን ታማኝ ያደርገዋል ማለት አይደለም። በመዝገቡ ላይ የሰፈረው ካፒታል ዛሬ በባንክ ያለ ገንዘብ ነው ብሎ ማሰብም ስሕተት ነው። ሚኒስቴሩም ሆነ የከተማው ጽሕፈት ቤት የነጋዴውን ዕዳ አያስከፍልም፤ ያ የፍርድ ቤት ሥራ ነው። መዝገቡ የሚሰጠው ፍርድ ቤቱ የሚጠይቀውን የመጀመሪያ መልስ ነው፤ ይኸውም ተከሳሹ ማን ነው፣ አድራሻውስ የት ነው ለሚለው ነው። ያለዚህ መልስ ክሱ ከበሩ አያልፍም።

የሚዛን ነገር

ሁለተኛው የመተማመን መሠረት ሚዛን ነው። ድሮ ቡና በፈረሱላ፣ እህል በቁና፣ ሸማ በክንድ ይለካ ነበር። ፈረሱላ ወደ 17 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ነው፤ ቁናውና ክንዱ ግን ከገበያ ገበያ ይለያዩ ስለ ነበር፣ የሩቅ አገር ገዥ የገዛውን ልክ የሚያውቀው ዕቃው ከደረሰ በኋላ ብቻ ነበር። በ1950ዎቹ የወጣው የሚዛንና የመለኪያ ዐዋጅ ሜትርንና ኪሎ ግራምን የአገሪቱ መለኪያ አደረገ። ዛሬ በንግድ የሚያገለግሉትን መለኪያዎች መቈጣጠር ሕጋዊ ሥነ ልክ ይባላል፤ ሚኒስቴሩና የክልሎች ንግድ መሥሪያ ቤቶችም ይሠሩታል።

በሙዝ ንግድ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ገበሬው በዘለላ ቢሸጥና ነጋዴው በኪሎ ቢሸጥ፣ በመካከሉ ያለው ልዩነት በማን ኪስ እንደሚገባ ገበሬው አያውቅም። በእያንዳንዱ ኩንታል ላይ 2 ኪሎ የሚያጎድል ሚዛን፣ 50 ኩንታል በሚጭን መኪና ላይ 1 ኩንታል ያጠፋል። ይህ ጉድለት አንድ ቀን በገበሬው ላይ ቢወድቅ፣ በማግሥቱ በነጋዴው ላይ ይመለሳል፤ ገበሬው ያላመነውን ገዥ ትቶ ወደ ሌላው ይሄዳልና። ሚዛኑን በጊዜው አስመርምሮ የማረጋገጫውን ምልክት ያስለጠፈ ነጋዴ ግን ለገበሬውም ለገዥውም ሳይናገር ይናገራል።

በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 813 ደግሞ ባለ ሱቁ የዕቃውን ዋጋ በግልጽ እንዲያመለክት፣ ለገዥው ደረሰኝ እንዲሰጥ፣ ዕቃን ደብቆ እጥረት እንዳይፈጥር ያዝዛል። የዋጋ ዝርዝር መለጠፍ ለትንሽ ባለ ሱቅ ጭንቅ ቢመስለውም፣ በየገዥው ከመከራከር ያሳርፈዋል።

ወደ ውጭ ለሚልኩና ለሚያስመጡ

ከአርባ ምንጭ ፍራፍሬ ወይም የሸማ ሥራ ወደ ውጭ አገር ለመላክ የሚያስብ ሰው በሚኒስቴሩ በር ብቻ ሥራው አያልቅም። የላኪነት ፈቃዱ ከሚኒስቴሩ ነው። የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ከኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን ይጠየቃል። የውጭ ምንዛሪው ጉዳይ በባንክ በኩል በብሔራዊ ባንክ መመሪያ ይፈጸማል። ዕቃው ሲወጣ ጉምሩክ ይመለከተዋል። የሥሪት ሀገር ምስክር ወረቀት ደግሞ የንግድ ምክር ቤት ከሚሰጣቸው አገልግሎቶች አንዱ ነው። እነዚህ ሁሉ ወረቀቶች አንድ ዓይነት ስም፣ አንድ ዓይነት አድራሻ ሊይዙ ይገባል። በአንዱ ላይ የአባት ስም በሌላው ላይ የንግድ ስም ከተጻፈ፣ አንድ ፊደል እንኳ ቢለያይ፣ ዕቃው በመጋዘን ሲውል ወረቀቱ ይታረማል፤ ፍራፍሬ ደግሞ ይህን አይታገሥም።

ከዚህ ሌላ ሁለት የቅርብ ጊዜ ለውጦች ልብ ሊባሉ ይገባል። በ2016 ዓ.ም. በመመሪያ ቁጥር 1001 ቀድሞ ለኢትዮጵያውያን ብቻ ተጠብቀው የነበሩት የወጪ፣ የገቢ፣ የጅምላና የችርቻሮ ንግድ ሥራዎች በተወሰነ ሁኔታ ለውጭ ባለ ሀብቶች ተከፈቱ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን አደረገ። ከዚህ በኋላ የውጭ ኩባንያ ወደ ሙዝና ፖም ገበያ ቢመጣ፣ ከማን እንደሚገዛ አስቀድሞ መገመት ይቻላል። ትልቅ ኩባንያ ሒሳቡን በኦዲተር ስለሚያስመረምር፣ ደረሰኝ ከማይሰጥና ካልተመዘገበ ሰው ሊገዛ አይችልም። በዚህ ቀን መዝገቡን ያስተካከለ የጋሞ ነጋዴ አቅራቢ ይሆናል፤ ያላስተካከለው ግን ለተመዘገበው ሰው ዕቃ የሚሰበስብ ስሙ የማይጠራ እጅ ሆኖ ይቀራል።

የንግድ ምክር ቤት ድርሻ

በ1995 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 341 የንግድና የዘርፍ ማኅበራት ምክር ቤቶችን ከታች ጀምሮ እስከ አገር አቀፍ ድረስ አደራጅቷል። የምክር ቤት አባልነት የንግድ ፈቃድን አይተካም፤ ምክር ቤቱም ፈቃድ ሰጪ አይደለም። ሥራው የነጋዴውን ሐሳብና ቅሬታ ሰብስቦ ለመንግሥት ማቅረብ፣ አዲስ ዐዋጅና መመሪያ ሲወጣም ለነጋዴው ማስረዳት ነው።

ለዚህ ነጋዴው የሚያበረክተው ድርሻ አለ። ቅሬታ በቡና ቤት ሲነገር አየር ሆኖ ይጠፋል። ቀኑ፣ የተጠየቀው ወረቀት፣ የተሰጠው መልስና የደረሰው ኪሣራ ተጽፎ ለምክር ቤቱ ሲቀርብ ግን ከሌሎች ጋር ተጠቃልሎ ለሚመለከተው ሊደርስ ይችላል። ዛሬ ነጋዴውን የሚያገለግሉት አብዛኞቹ ደንቦች ትናንት አንድ ሰው ወይም አንድ ማኅበር ጉዳዩን በጽሑፍ አቅርቦ የተከራከረባቸው ናቸው።

ከነጋድራሱ ዘመን እስከ ዛሬ የመሥሪያ ቤቱ ስም ብዙ ጊዜ ተለውጧል፤ ወደፊትም ይለወጥ ይሆናል። የነጋዴው ፍላጎት ግን አልተለወጠም፤ እርሱም የማያውቀው ሰው እንዲያምነው ነው። በዚህ ዓመት ፈቃዱን ለማሳደስ የሚነሣ የአርባ ምንጭ ነጋዴ ወረቀቱን ከማስፈረሙ በፊት ቁጭ ብሎ ያንብበው፤ ስሙ በትክክል ተጽፎ፣ አድራሻው ዛሬ የሚገኝበት ቦታ ሆኖ፣ ዘርፉ በእርግጥ የሚሠራውን ሥራ የሚገልጽ መሆኑን ይመልከት። ጎዶሎ ካገኘ ያስታርም። ቀጥሎም ያንኑ ጥያቄ ለሚሸጥለትና ለሚገዛለት ሰው ያቅርብ። ይህ ግማሽ ቀን የሚፈጅ ሥራ ነው፤ ሳይሠራ ቢቀር ግን የአንድ መኪና ጭነት ዋጋ ሊያስከፍል ይችላል።